የጓያ መርዝና የነርቭ በሮች

ጓያ የተባለው ጥራጥሬ እግር የሚያስረው ጡንቻን አድክሞ አይደለም። በጓያ የተጠቃ ሰው የእግሩ ጡንቻ ሥጋው ሙሉ፣ ጉልበቱም ያለ ነው፤ ያጣው መላላትን ነው። ጭኖቹ ወደ ውስጥ ይሳባሉ፣ ጉልበቶቹ ይጋጫሉ፣ ተረከዙ መሬት አይነካም። በእግሩ ጣቶች እየቆመ፣ አንዱን እግር በሌላው ፊት እያጠላለፈ ይራመዳል። እሾህ ቢወጋው ግን ያውቃል። ንግግሩና አእምሮው አይነካም፤ እጁም አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ሐኪሞች የሕመሙን ደረጃ የሚለዩት በምርኩዝ ነው፦ ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በአንድ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በሁለት የሚሄድ፣ በመጨረሻም በዳዴ የሚሄድ። ሕመሙ አንዴ ከያዘና ጓያ መብላት ከቆመ በኋላ አይብስም፤ ወደ ኋላም አይመለስም።

የጉዳቱ ሥፍራ ከእግር በጣም የራቀ ነው። ከአንጎል የላይኛው ሽፋን ተነሥተው በአከርካሪ ውስጥ እስከ ወገብ የሚወርዱ ረጃጅም የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ለእግር ትእዛዝ የሚያወርዱት እነርሱ ናቸው፤ የእግር ጡንቻ በየምክንያቱ እንዳይኮማተር የሚገቱትም እነርሱ ናቸው። ጓያ በዋናነት የሚጎዳው እነዚህን ነው። ገቺያቸውን ያጡት የአከርካሪ ነርቮች ጡንቻውን ያለ ማቋረጥ ሲቀሰቅሱት እግሩ ይገተራል። መርዙ በምግብ በኩል ወደ ደም ገብቶ ለብዙ ዓይነት ሕዋስ ይደርሳል፤ ጉዳቱ ግን መርጦ ነው የሚያርፈው። ይህ መምረጥ ከየት እንደመጣ ለመረዳት በሕዋሱ ሽፋን ላይ የተተከሉትን የአዮን በሮች (ሶዲየምንና ካልሲየምን የመሰሉ ኤሌክትሪክ የያዙ ቅንጣቶች የሚያልፉባቸውን)፣ እነዚያን በሮች ለመሥራትም ሕዋሱ የጂኑን መልእክት እየቆረጠ የሚቀጥልበትን መንገድ መመልከት ያስፈልጋል።

ሰብሉና መሬቱ

በሰሜን ሸዋ ጓያ የመረሬ መሬት ሰብል ነው። በሞረትና ጅሩ፣ እነዋሪ ዙሪያ ያለው ሜዳ ክረምት ውሃ የሚቋጥር፣ በጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ነው። የእነዋሪ ገበሬ ስንዴውንና ባቄላውን ከውሃ ለማዳን መሬቱን በመደብና በቦይ ማበጀት የቆየ ልማዱ ነው፤ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ ጭቃውን በእጃቸው እየሳቡ መደቡን ያነሣሉ። ለጓያ ይህ ሁሉ ልፋት የለም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ ብዙም ባልታረሰ መሬት ላይ ይዘራል። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ባይመጣ እንኳ አፈሩ በያዘው እርጥበት ይበቅላል፣ ያብባል፣ ያፈራል። ማዳበሪያም አይጠይቅም፤ ሥሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ወስደው ይመግቡታል። ከዘሩ ሩብ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው። ገለባው ለከብት ይሆናል፤ ስሙ ከሸዋ አልፎ አዲስ አበባ ገበያ ድረስ የሚጠራው የጅሩ ሰንጋም ከሚደልብባቸው መኖዎች አንዱ ጓያ ነው።

ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አንኮበር ሲወጣ የመሬቱ መልክ ይለወጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ውርጭ የሚመታት ከተማ ናት። ከእርሷ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቆላውን ቁልቁል የሚያየው የአንኮበር ጋራ ደግሞ የገብስና የባቄላ አገር ነው። ወደ እነዚህ ደጋዎች ጓያ የሚወጣው በገበያ በኩል ነው፤ ክክ ሆኖ፣ ከሌላ እህል ጋር የተቀላቀለ ቆሎ ሆኖ፣ አለዚያም ከአተርና ከሽምብራ ጋር ተፈጭቶ ሽሮ ሆኖ። እንዲህ ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ አልፎ አልፎ የሚበላ ጓያ ሰው ሲያሽመደምድ አይታይም። አደጋው የሚመጣው ሌላው ሰብል ሲጠፋ ነው። ድርቅ ስንዴውንና ጤፉን ሲያጠፋ ጓያው ይቀራል፤ ቤተሰቡም ለሁለትና ለሦስት ወር በዋናነት እርሱን ይበላል። ከረኀብ የሚያተርፈው እህልና እግር የሚያስረው እህል አንድ መሆኑ ነው የጓያን ነገር አስቸጋሪ የሚያደርገው፤ አትብሉ ብሎ መምከር ለተራበ ሰው ምክር አይደለም።

በኢትዮጵያ የተመዘገቡት ትልልቅ ወረርሽኞች ይህንኑ መንገድ የተከተሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ጎንደር ውስጥ በደምቢያ የታየው በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ተዘግቧል። ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ የ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ባለፈ ማግስት፣ ወሎ ውስጥ በደላንታና ዳውንት ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች በአጭር ጊዜ እግራቸው ተያዘ። ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለሃይማኖትና የቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፈርናንድ ላምባይን ያሉበት ቡድን ይህን ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ለዓለም አስታወቀ። ከተጠቁት መካከል ወንዶች ከሴቶች ይበዙ ነበር፤ ልጆችና ወጣቶችም ከጎልማሶች የበለጠ ተጎድተዋል። የደምቢያን፣ የደላንታንና የሸዋን ገበሬ የሚያገናኘው ጥቁር አፈሩና በእርጥበቱ የሚበቅለው ሰብል ነው።

መርዙና በሩ

መርዙን ለይተው ያወጡት የሕንድ ኬሚስቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ራዎ፣ አዲጋና ሳርማ ከጓያ ዘር ውስጥ አንድ ያልተለመደ አሚኖ አሲድ አግኝተው አወቃቀሩን አሳተሙ፤ ዛሬ በአጭሩ ቤታ-ኦዳፕ ይባላል። በተክሉ ውስጥ በነጻነት የሚገኝ፣ ውሃ ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟ ነገር ነው። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1986 ፒተር ስፔንሰርና ባልደረቦቹ ጓያና ይህንኑ መርዝ ለጦጣዎች ሰጥተው በእግራቸው ላይ በሰው ከሚታየው ጋር የሚመሳሰል ምልክት መታየቱን ዘገቡ።

የቤታ-ኦዳፕ አደገኛነት ከግሉታሜት ጋር ካለው መመሳሰል ይመነጫል። ግሉታሜት በአንጎልና በአከርካሪ ውስጥ አንዱ የነርቭ ሕዋስ ሌላውን የሚቀሰቅስበት ዋናው መልእክተኛ ኬሚካል ነው። ተቀባዩ ሕዋስ ሽፋን ላይ ግሉታሜትን የሚጠብቁ በሮች ተተክለዋል፤ ከእነርሱ ፈጣኖቹ አምፓ ተቀባዮች ይባላሉ። አንዱ በር አራት የፕሮቲን ክፍሎች ተገጣጥመው የሚሠሩት ሲሆን መካከሉ ላይ ጠባብ ቀዳዳ አለው። ግሉታሜት ሲጣበቅበት ቀዳዳው ይከፈታል፤ ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ ሕዋሱ ይቀሰቀሳል። ዋናው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ግሉታሜቱ ገና ከበሩ ሳይላቀቅ በሩ በጥቂት ሺህኛ ሰከንድ ውስጥ ራሱን ይዘጋል። ይህ የመደንዘዝ ባሕርይ ሕዋሱን ከመጠን በላይ ከመቀስቀስ የሚጠብቅ ነው። ቤታ-ኦዳፕ በእነዚህ በሮች ላይ ግሉታሜትን ተክቶ መሥራት እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል። በሩ በተደጋጋሚና ለረጅም ጊዜ ሲከፈት ሕዋሱ የገባበትን አዮን ለማስወጣት ጉልበት ይጨርሳል። በአንዳንድ በሮች በኩል ካልሲየምም ከገባ የሕዋሱ የኃይል ማመንጫ የሆኑት ማይቶኮንድሪያዎች ይታወካሉ፤ ሕዋሱ ይጎዳል፣ ይሞታልም።

እንግዲህ አንድ የነርቭ ሕዋስ ይህን መርዝ ምን ያህል እንደሚችለው የሚወሰነው በሽፋኑ ላይ ባሉት በሮች ዓይነት ነው፤ በፍጥነት ይዘጋሉ ወይስ ይዘገያሉ? ካልሲየም ያሳልፋሉ ወይስ ሶዲየም ብቻ? ሁለቱም ጥያቄ የሚመልሰን ወደ ጂኑ ነው፤ በትክክል ለመናገር፣ ጂኑ ከተገለበጠ በኋላ በመልእክቱ ላይ ወደሚደረገው ሥራ ነው።

ቆርጦ መቀጠል

በሰው ሕዋስ ውስጥ የአንድ ጂን መረጃ ተከታታይ አይደለም። ፕሮቲን ለመሥራት የሚያገለግሉት ቁራጮች፣ ኤክሶን የሚባሉት፣ በማያገለግሉ ረጃጅም ክፍሎች፣ ማለትም በኢንትሮኖች፣ ተለያይተው ይገኛሉ። ጂኑ መጀመሪያ እንዳለ ወደ አርኤንኤ ይገለበጣል፤ ከዚያ ኢንትሮኖቹ ተቆርጠው ይወጣሉ፣ ኤክሶኖቹም ጫፍ ለጫፍ ይቀጠላሉ። ይህ ስፕላይሲንግ የሚባለው ሥራ ነው። የሚያከናውነው አምስት አጫጭር አርኤንኤዎችና ከመቶ በላይ ፕሮቲኖች ያሉበት ስፕላይሶዞም የተባለ ግዙፍ ስብስብ ነው። ፊሊፕ ሻርፕና ሪቻርድ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1977 ጉንፋን መሰል ሕመም በሚያመጣ አዴኖቫይረስ ላይ ሲሠሩ የጂን መልእክት እንዲህ የተቆራረጠ መሆኑን ደረሱበት፤ በ1993 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

አቆራረጡ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢሆን ነገሩ ከጓያ ጋር ምንም ባልተገናኘ ነበር። ነገር ግን ሕዋሱ አንዱን ኤክሶን ሊያስገባ ወይም ሊዘል፣ ከሁለት ጎን ለጎን ካሉ ኤክሶኖችም አንዱን ብቻ ሊመርጥ ይችላል። ልብስ ሰፊ ከአንድ ጣቃ እጅጌ ረጅምም እጅጌ አጭርም ሸሚዝ ማውጣቱን ይመስላል፤ ጨርቁ አንድ ነው፣ ልብሱ ይለያያል። የሰው ልጅ ፕሮቲን ሠሪ ጂኖች 20,000 ገደማ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተሙ ጥናቶች ከአንድ በላይ ኤክሶን ካላቸው ጂኖች መካከል ከመቶ 90 የሚበልጡት በአማራጭ መንገድ እንደሚቆረጡ አሳይተዋል። ይህ ምርጫ በጣም ከሚበዛባቸው የአካል ክፍሎች አንዱ አንጎል ነው። የትኛው ኤክሶን እንደሚገባ የሚወስኑት በየሕዋሱ ውስጥ በተለያየ መጠን የሚገኙ፣ መልእክቱ ላይ ተጣብቀው ለስፕላይሶዞሙ መንገድ የሚጠርጉ ወይም የሚዘጉ ፕሮቲኖች ናቸው። የልብ ሕዋስና የነርቭ ሕዋስ አንድ ዓይነት ጂን ይዘው የተለያየ በር የሚያበጁት በዚህ ምክንያት ነው።

የአምፓ ተቀባዮች የዚህ ጥርት ያለ ምሳሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 ጀርመን ሃይደልበርግ ውስጥ የፒተር ዚቡርግ ቡድን ከበርት ዛክማን ጋር ሆኖ ያሳተመው ጥናት፣ አራቱም የአምፓ ክፍል ዓይነቶች እያንዳንዳቸው በሁለት መልክ እንደሚሠሩ አሳየ። መልኮቹን ፍሊፕና ፍሎፕ አሏቸው። ሁለት ኤክሶኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በአንድ መልእክት ውስጥ የሚገባው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው። እያንዳንዱ የሚሸከመው የ38 አሚኖ አሲድ ርዝመት ያለው ቁራጭ ሲሆን የሁለቱ ልዩነት ጥቂት አሚኖ አሲዶች ብቻ ናቸው። ውጤቱ ግን ትንሽ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የፍሎፕ መልክ ያለው በር ግሉታሜት ሲነካው ተከፍቶ ቶሎ ይደነዝዛል፤ የፍሊፑ ግን ዘግይቶ ይዘጋል፣ በዚህም ብዙ አዮን ያስገባል። በአይጥ አንጎል ውስጥ ከመወለድ በፊት የሚበዛው ፍሊፕ ነው፤ ፍሎፕ የሚጨምረው ከተወለዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ድርሻቸው ከሕዋስ ሕዋስ ይለያያል።

ሁለተኛውን ጥያቄ፣ የካልሲየሙን፣ የሚወስነው ከስፕላይሲንግ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚሄድ ሌላ ሥራ ነው። ከአራቱ የክፍል ዓይነቶች ግሉኤ2 የተባለው በሩ ላይ ሲኖር ካልሲየም አያልፍም። የሚከለክለው በቀዳዳው ውስጥ የተቀመጠ አንድ አርጂኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ነው። ጂኑ ላይ የተጻፈው ግን አርጂኒን አይደለም፤ ግሉታሚን ነው። መልእክቱ ከተገለበጠ በኋላ አዳር-2 የተባለ ኢንዛይም በዚያ ቦታ ላይ ያለችውን አንዲት ፊደል ይለውጣታል። በጤነኛ አዋቂ አንጎል ውስጥ ይህ እርማት በግሉኤ2 መልእክት ላይ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይፈጸማል። ኢንዛይሙ የሚታረመውን ቦታ የሚያውቀው ኤክሶኑ ላይ ያለው ክፍል ከኢንትሮኑ ጋር ተጣጥፎ ሲጣመር ነው። ኢንትሮኑ ቶሎ ከተቆረጠ እርማቱ አይደረግም። ቅደም ተከተሉ ይህን ያህል ወሳኝ ነው። ከፍሊፕና ከፍሎፕ ኤክሶን አጠገብ ደግሞ ሌላ የሚታረም ቦታ አለ፤ እርሱ ሲታረም በሩ ከመደንዘዙ የሚያገግምበት ፍጥነት ይጨምራል።

እርማቱ ሲጓደል የሚሆነው ይታወቃል። የግሉኤ2 መልእክታቸው በትክክል እንዳይታረም የተደረጉ አይጦች በሚጥል በሽታ ተይዘው ከተወለዱ ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የጃፓን ተመራማሪዎች ኤኤልኤስ በተባለው የእንቅስቃሴ ነርቮችን በሚገድል በሽታ ከሞቱ ሰዎች አከርካሪ ውስጥ የእንቅስቃሴ ሕዋሳትን አንድ በአንድ ለቅመው መረመሩ፤ በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ የግሉኤ2 እርማት ጎድሎ አገኙት። ኤኤልኤስ እየባሰ የሚሄድ በሽታ ነው፣ የጓያ ሕመም ግን አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የሚገናኙት እንቅስቃሴን የሚመሩ ሕዋሳት በአምፓ በሮቻቸው በኩል በሚገባ ካልሲየም ሊጎዱ በመቻላቸው ነው። ዘግይቶ የሚዘጋ በር የበዛበት ሕዋስ ለቤታ-ኦዳፕ የበለጠ ይጋለጣል የሚለው ግምት ከዚህ የበር አሠራር በቀጥታ የሚከተል ነው። በጓያ ሕመምተኞች አከርካሪ ላይ ተለክቶ የጸደቀ ውጤት ግን አይደለም፤ የሕመሙ ተጠቂዎች በገጠር ኖረው በገጠር የሚሞቱ ሰዎች ስለሆኑ ለእንዲህ ያለው ምርመራ የሚሆን የአከርካሪ ናሙና ብርቅ ነው።

ከማጀት እስከ ሕዋስ

በሩ ብቻውንም አይደለም የሚወስነው። አንድ ማዕድ ከሚቀርቡ ሰዎች አንዱ ሲያዝ ሌላው ደህና የሚሆንበት ምክንያት በከፊል ከማጀቱ ይጀምራል። በጓያ አካባቢዎች የሚነገር እምነት አለ፦ ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ እግር ይይዛል፤ እርጥቡ ማሳ ውስጥ መሄድም ይይዛል። ስለዚህ ጓያ የሚፈላበት ድስት ሲከፈት ልጆችን ገለል የሚያደርግ አለ። እንፋሎቱን የሚፈራው ቤት ግን ንፍሮውን ያለ ስጋት ያቀርባል፤ አደጋውም ያለው ንፍሮው ላይ ነው።

ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ በታመሙና ባልታመሙ ሰዎች መካከል ያደረጉት ንጽጽር ይህን በዝርዝር አሳይቷል። ጓያን ንፍሮ ወይም ቆሎ አድርጎ፣ አለዚያም በእሸትነቱ መብላት ለሕመሙ የሚያጋልጥ ሲሆን፣ ከእህል ጋር ቀላቅሎ መብላትና ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በገባበት ወጥ መልክ መብላት አደጋውን ይቀንሳል። በሸክላ ድስት ብቻ የሚያበስሉ ቤቶችም በበለጠ ተጠቅተው ተገኝተዋል። ዘሩን በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ እንደገና በአዲስ ውሃ ቀቅሎ ያንንም መድፋት ከመርዙ ጥሩ ድርሻ ያስወግዳል፤ ቤታ-ኦዳፕ ውሃ ውስጥ ይሟሟልና። ይህ ግን ውሃና ማገዶ ያለው ቤት የሚያደርገው ነው። በድርቅ ዓመት ወንዝ ወርዳ እንስራ ተሸክማ የምትመለስ ሴት ያመጣችውን ውሃ ሁለት ጊዜ አትደፋም። እሸቱን ደግሞ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከማሳው እየቀጠፉ ጥሬውን ይበላሉ፤ ማንም አይዘፈዝፍላቸውም። ልጆችና ወጣቶች ለምን ይበዛሉ ለሚለው ጥያቄ ይህ አንዱ መልስ ነው።

እህል መቀላቀሉ የሚጠቅመው ሆድ ስለሚሞላ ብቻ አይደለም። ጓያ በሰልፈር የበለጸጉት አሚኖ አሲዶች፣ ሜቲዮኒንና ሲስቲን፣ ያንሱታል፤ ገብስ፣ ስንዴና ጤፍ ግን አላቸው። ሕዋስ ከእነዚህ አሚኖ አሲዶች ግሉታቲዮን የተባለውን መከላከያ ይሠራል፤ በሮቹ ከልክ በላይ ሲከፈቱ የሚፈጠረውን ጎጂ ኦክስጂን የሚያጠፋው እርሱ ነው። ቤታ-ኦዳፕ ራሱ ሲስቲን ወደ ሕዋስ የሚገባበትን ማጓጓዣ እንደሚያውክ በቤተ ሙከራ ታይቷል። በአንድ በኩል በሩን ያስከፍታል፣ በሌላ በኩል መከላከያውን ያሳጣል። የአንኮበር ገብስ ከመረሬው ጓያ ጋር በአንድ ቆሎ ሲገናኝ ለሕዋሱ የሚሰጠው ይህንን የጎደለውን ነው።

የመርዙ መጠንም እንደ አገሩ ይለያያል። ድርቅ ሲበረታ ተክሉ ውስጥ ቤታ-ኦዳፕ ይጨምራል፤ ዚንክ ያነሰበት አፈርም ያበዛዋል። ሰው ሌላ የሚበላው ባጣበት ዓመት የሚበላው ጓያም ይበልጥ መርዛም ይሆናል ማለት ነው። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል ከሆነው ኢካርዳ በተገኘ ዘር ላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 «ዋሴ» የተባለ መርዙ ያነሰ ዝርያ አውጥቷል። ዝርያ ማውጣት ግን ነገሩን አይጨርሰውም። ንቦች ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው የአበባ ዱቄት ስለሚያመላልሱ፣ በየዓመቱ ከራሱ ማሳ ዘር የሚያስቀር ገበሬ የያዘው ዝርያ ከጎረቤቱ ጋር እየተዳቀለ ይሄዳል።

ሌሎች በሮች፣ ሌሎች አካላት

የአምፓ ተቀባይ ታሪክ የብዙ በሮች ታሪክ ነው። የገጠር ጤና ተቋማት በሚጥል በሽታ ለተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል ነው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ጋባ-ኤ በተባለው የክሎራይድ በር ላይ ነው። የዚህ በር ጋማ-2 ክፍል በስፕላይሲንግ ምክንያት በረጅምና በአጭር መልክ ይሠራል፤ ረጅሙ ስምንት አሚኖ አሲድ ይጨምራል፣ በዚያች ጭማሪ ላይም በሩን የሚቆጣጠር ኢንዛይም የሚይዛት ነጥብ አለች። ካርባማዜፒን የተባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለሚወስደው ሕመምተኛ ደግሞ መድኃኒቱ የሶዲየም በሮቹን ይይዝለታል። ከእነዚህ በሮች አንዱን የሚሠራው ኤስሲኤን1ኤ የተባለው ጂን ሁለት ተለዋዋጭ ኤክሶኖች አሉት፤ አንዱ በሕፃንነት፣ ሌላው በአዋቂነት የሚበዛ። በዚያ ምርጫ ላይ ተጽዕኖ ያላት አንዲት የፊደል ልዩነት ከሚያስፈልገው የመድኃኒት መጠን ጋር መያያዟን የሚጠቁም ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቶ ነበር፤ በኋላ ከተሠሩት ጥናቶች መካከል ግን ያላጸኑት አሉ። ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 በቡታጅራ አካሂደው ባሳተሙት ጥናት ከ1,000 ሰዎች አምስት ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ማግኘታቸውን ላስታወሰ፣ እነዚህ በሮች ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ተማሪም የሩቅ አገር ጉዳይ አይደሉም።

በልብ ውስጥ የካልሲየም በር የሚሠራው ጂን ከሁለት ተተካኪ ኤክሶኖች አንዱን ይመርጣል፤ እዚያ ላይ የሚደርስ የአንዲት ፊደል ስህተት በሩ እንዳይዘጋ አድርጎ ቲሞቲ ሲንድሮም የተባለውን፣ የልብ ምት የሚያዛባና ጣቶችን አጣብቆ የሚያስወልድ ሕመም ያመጣል። ሕመሙ በየአካሉ የሚከፋበት ልክ ስህተቱ ከሁለቱ ኤክሶኖች በየትኛው ላይ እንደወደቀ ይለያያል። በጡንቻ ውስጥ ደግሞ ማዮቶኒክ ዲስትሮፊ በተባለው በሽታ የክሎራይድ በር መልእክት በተሳሳተ መንገድ ይቆረጣል፤ የጂኑ ፊደል ራሱ አልተነካም። ሰውየው እጅ ለሰላምታ ጨብጦ መልቀቅ ያቅተዋል። በጆሮ ውስጥ የድምፅን ቅጥነትና ውፍረት የሚለዩት ሕዋሳት፣ በተለይ በአእዋፍና በኤሊዎች፣ የአንድ ፖታሲየም በር ጂንን በተለያየ መንገድ ቆርጠው ይጠቀሙበታል።

የመቁረጡን ሥራ በመድኃኒት መምራት ከሐሳብ አልፎ ሥራ ላይ የዋለ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኑሲነርሰን አከርካሪ ውስጥ የሚወጋ አጭር ሰው ሠራሽ ቁራጭ ነው፤ የሚዘለል ኤክሶን እንዲገባ ያደርጋል፣ በዚህም የእንቅስቃሴ ነርቭ የሚያጠፋ የልጆች በሽታን ያዘገያል። ለጓያ እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም፤ የሞቱትን ሕዋሳት የሚመልስ ነገርም አልተገኘም። ቀድሞ ለተያዙት የሚደረገው የእግርን መገተር ማላላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ ሕመምተኞች መድኃኒቱን ወይም ማስመሰያውን መውሰዳቸውን እነርሱም ሐኪሞቹም ሳያውቁ የተደረገ ሙከራ፣ ቶልፔሪዞን የተባለው ክኒን የጡንቻውን ግትርነት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቶልፔሪዞን የሚሠራው በነርቭ ሽፋን ላይ ያሉትን የሶዲየም በሮች በመያዝ ነው፤ እነዚያም በሮች መልእክታቸው በየሕዋሱ በተለያየ መንገድ የሚቆረጥ ናቸው።